ለእታለም ያጋዝሁት ዕቃ ማጠቢያ

የሄድሁ ለት ማታ እህቴ ዘሀራ አላለቀሰችም፤ ሳህን እያጠበች ነበር። መግሪብ ተሰግዷል፣ እራት ተበልቷል፣ ሊሸኘኝ የመጣው የመርሳ ሰው ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ረግጧት ስለማያውቃት ጀርመን ያስረዳኛል። "ብርዱ አጥንት ይገባል" ይላል አንዱ። "ወተታቸው ቀለም እንጂ ጣዕም የለውም" ይላል ሌላው። በኋላ እንዳየሁት ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ዘሀራ ታላቄ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናትና "እታለም" ነው የምላት። በጓሮው በር ሁለት ሳፋ ተቀምጧል። በአንዱ እታለም፣ በሌላው ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ፣ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጠው ያጥባሉ።

የሁለቱን ሳፋ ነገር ለአገራችን ለሐብሩ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ እዚህ አውሮፓ የተወለዱ ልጆቻችንም ያዩት ይሆናልና ልናገር። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ እትዬ ደብሪቱ ክርስቲያን ናቸው። እኛ ያረድነውን እሳቸው አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ስለዚህ እኛ ቤት ድግስ ሲኖር ለክርስቲያኑ ጎረቤት የሚቀርበውን እትዬ ደብሪቱ በራሳቸው ድስት እኛ ጓሮ ይሠራሉ። ማቅረቢያውም የሳቸው ሳህን ነው፤ ጠርዙ አረንጓዴ፣ ዓመቱን ሙሉ እኛ ቤት መደርደሪያ ላይኛው እርከን ላይ የሚቀመጥ። የኛ ጠርዙ ሰማያዊ ሲሆን ከሥር ነው። እሳቸው ቤትም እንዲሁ፣ እርከኑ ተገልብጦ። አረንጓዴውን ከእትዬ ደብሪቱ በቀር፣ ሰማያዊውን ከእታለም በቀር የሚያጥበው የለም። ይኸው ነው። ሕግ የጻፈለት የለም፣ ስብሰባም አልተጠራለትም።

የዚያን ለት ማታ የበላሁበትን ሳህን ይዤ ሄድሁና፣ ልቤ አውቶቡሱ ላይ ነበርና፣ እትዬ ደብሪቱ ሳፋ ውስጥ ልጥለው ስል እርጥብ እጅ ማጅራቴን አጮለኝ።

"አንተ! ዓይንህ የት ነው?" አለች እታለም።

"ተይው ዘሁዬ፣ ልቡ ቀድሞት ሄዷል" አሉ እትዬ ደብሪቱ እየሳቁ።

"ልቡ ቢሄድ ዓይኑን ይዞት ይሄዳል? ደግሞ የተማረ ነው ይሉኛል!"

የሳሙናው ውሃ በጀርባዬ ወረደ። ያኔ ነው እጇን ያየሁት፤ ውሃና ሳሙና ከጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ሰንጥቆት፣ ስንጥቁ ውስጥ ቀይ ሥጋ ይታያል። "ምን ታያለህ? የሰው እጅ አይተህ አታውቅም?" ብላ ሳፋው ውስጥ ደበቀችው።

ስለ ጉዞው የምለው ጥቂት ነው። ከሐብሩ ልጆች ስንቱ በእግሩ በረሃ አቋርጦ፣ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ሲገባ እኔ የሄድሁት ቪዛ ተመቶልኝ፣ በአውሮፕላን፣ ዶሮ ወይስ ፓስታ እየተባልሁ ነው። ይህንንም "ስደት" ብሎ መጥራት ድፍረት ነው፤ ሆኖም ሌላ ቃል የለኝም። ለአንድ የንባብ ጉባኤ ተጠርቼ ሄጄ ቀረሁ። ስለ መቅረቴ የጠየቀኝ ሹም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣

"በአገርህ ምን ነበርህ?" አለኝ።

"ጸሐፊ።"

"የቢሮ?"

"አይ፣ የመጽሐፍ፣ የመጣጥፍ።"

"እሺ፤ ሥራህስ ምን ነበር?" አለኝ።

አገሬም ይህንኑ ይጠይቀኝ ስለነበር ባይተዋርነት አልተሰማኝም።

ካሰል በምትባል ከተማ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ፍራው ክራውዘ ይባላሉ (ፍራው ወይዘሮ፣ ኄር አቶ ማለት ነው)፤ ባል የሌላቸው፣ ድመትም የሌላቸው፣ ሃውስኦርድኑንግ ግን ያላቸው ሴት ናቸው። ሃውስኦርድኑንግ ማለት ደረጃው ሥር የተለጠፈ የቤቱ ሕግ ነው። እኛ አገር መጅሊስ ተቀምጦ የሚፈታውን ነገር ሁሉ እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንድ ቀን በሬን አንኳኩ።

"ኄር ይማም፣ ሳህን በእጅህ ታጥባለህ።"

"አዎ።"

"በግድግዳው ይሰማኛል። ውሃው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል።"

"በእጅ ማጠብ ክልክል ነው?"

"ክልክል አይደለም" አሉ አዝነው፤ "ግን ሰው አያደርገውም።"

ከዚያ ወደ ወጥ ቤታቸው ወስደው ጌሺርሽፒውለራቸውን አሳዩኝ፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ማለት ነው። ከፈቱት፤ እንፋሎት ፊቴን አጠበኝ። ሳህኑ ሁሉ እንደ አዲስ ቆሟል። እኔ ግን ያየሁት የእታለምን እጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርሁት የኋላው ነውሬ አይገባችሁም። እዚያ ከተማ ኑሮዬ የቆመው በቀን መጻሕፍት ቤት መደርደሪያ በማስተካከል፣ በማምሻው ደግሞ በየአዳራሹ ስለ አገሬ በማውራት ነው። ከወሬዎቼ ሁሉ የተወደደው የሁለቱ ሳህኖች ወሬ ነበር። ሰማያዊና አረንጓዴ ሳህን በፕሮጀክተር አሳያለሁ። "እኛ ልዩነትን አናጠፋም፤ መደርደሪያ እንሰጠዋለን" እላለሁ። ያጨበጭባሉ። አንዲት ሴት አልቅሳለች። በዚያ ወሬ የክረምት ካፖርት ገዝቻለሁ።

እንግዲህ የእታለም ልጅ ሀያት ልትዳር መሆኑን ስሰማ ያገለገለ ግን ጥሩ ማሽን ፍለጋ ወጣሁ። አዲሱ ለምን እንዳልሆነ አትጠይቁኝ፤ ወሬዬ የገዛልኝ ካፖርት እንጂ ሀብት አይደለም። ብዙ አየሁ። አንዱ በሩ ሲከፈት ይወድቃል፤ ሌላው የዝጉን ሽታ በሽቶ ሸፍኖታል። መጨረሻ ላይ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ቤት ደረስሁ። የበሩን ጎማ በጣቴ ዳሰስሁ፤ አልደረቀም። ከታች ማጣሪያውን አወጣሁ፤ ቅባት አልጋገረበትም። ውሃ የሚረጩትን ክንፎች አሽከረከርሁ፤ እንደ ወፍጮ ዞሩ። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት።

"ፈረስ የምትገዛ ትመስላለህ" አሉኝ ሽማግሌው።

"እኛ አገር ፈረስን ጥርሱን ነው የምናየው። ለእህቴ ነው የምወስደው። ለምን ይሸጡታል?"

"ባለቤቴ ሞተች። አሁን አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ ነኝ። እስኪሞላ ስጠብቅ ሳህኑ ይሸታል።" በሩን ዘጉና፣ "እህትህ ቤት ስንት ሰው አለ?" አሉ።

"እንደ ቀኑ ነው" አልሁ።

ራቅ ብለው በመስኮት ተመለከቱ። ተሸክመን ስናወጣው በሩን መታ መታ አድርገው ተሰናበቱት።

አሳማ የተበላበት ሳህን ታጥቦበታልና ቤቴ አምጥቼ ደጋግሜ ባዶውን በፈላ ውሃ አስኬድሁት፤ በሎሚ አሸሁት፤ የሳህን መደርደሪያዎቹን ጨርሶ ለወጥኋቸው። አንድ የማውቃቸውን ሼህ ደውዬ ጠየቅሁ፤ "ከነጻ ምን አለው" አሉኝ። ያን ሰሞን ከእኔ የበለጠ አስተዋይ ሰው በምድር ላይ የለም ብዬ አምን ነበር። የጀርመንን አሳማ አስታውሻለሁና።

ማሽኑ ከመርከብ ወርዶ አገር ሲገባ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቼ ነበርና እኔም ለሰርጉ ገብቼ ነበር። የጉምሩኩ ሰው ካርቶኑን ዞረው ዞረው፣

"ይህ ለሆቴል ነው" አሉ።

"ለእህቴ ነው።"

"እህትህ ሆቴል አላት?"

"የላትም።"

"ታዲያ እጇን ምን ነካት?"

መልስ ነበረኝ፤ ግን በመስኮት በኩል ለማያውቁት ሰው የእህትን እጅ መግለጽ ከበደኝና፣ "ደክሟታል" አልሁ። ሰውየው ወዲያው ለሰለሱ። "የኔም ደክሟታል" ብለው ማኅተማቸውን አሳረፉ።

አይሱዙ ላይ ጫንነው። ሾፌሩ ውርጌሳ ላይ ሻይ ሲጠጣ ለሰው ሁሉ ሸራውን እየገለጠ ያሳይ ነበር፤ መርሳ የደረስነው ወሬው ቀድሞን ነው። ከወልድያ የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣሁ። ጣሪያ ላይ ሮቶ አሰቀልሁ፣ ከተራራው እንደሚወርድ ምንጭ ውሃ እንዲወርድለት። እዚህ ላይ አንባቢዬ ፈገግ ብሎ የመብራት መጥፋቱን፣ የውሃ መቋረጡን እየጠበቀ ነው፤ የስደተኛ ስጦታ ታሪክ እንዲያ ነውና የሚያልቀው። ላሳዝንህ ነው። መብራቱ አልጠፋም፤ ውሃውም አልተቋረጠም። ማሽኑ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። ያልሠራሁት እኔ ነኝ።

የሰርጉ ዋዜማ ነው። እንጨት የሚፈልጠው፣ ዳስ የሚጥለው፣ ሽንኩርት የሚልጠው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ምሳ በልቶ ተነሥቷል። በጓሮው በር ሁለት ክምር ሳህን ተቀምጧል፤ ወጥ የደረቀበት። እታለም ዐሱር ልትሰግድ ገብታለች። እትዬ ደብሪቱ ለነገ የሚታረደውን በግ ሊያዩ ቤታቸው ሄደዋል። እኔ ብቻዬን ነኝ። ሲመለሱ እንዲደነቁ ፈለግሁ። ሁለቱን ክምር ተሸክሜ ገባሁና እያሰባጠርሁ ደረደርሁት፤ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ አረንጓዴ። እንዲያውም አሰላለፉ አምሮኝ ፎቶ አነሣሁት። ለአዳራሹ ይሆናል ብዬ።

ሲመለሱ ማሽኑ ጨርሶ ነበር። "አይዟችሁ፣ ተቀመጡ፣ ከእንግዲህ በሳፋ መቆራመድ ቀረ" ብዬ በሩን ከፈትሁት። እንፋሎቱ ወጣ። ሳህኑ አበራ።

የእታለም ዓይን ወደ እትዬ ደብሪቱ ሄደ፤ የእትዬ ደብሪቱ ዓይን መሬት ላይ ነበር።

"ማሻ አላህ" አለች እታለም በመጨረሻ። "እንዴት ያበራል!"

"ጥርት አርጎ ነው ያጠበው" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "እጅህ ይባረክ ልጄ።"

"እንዴ፣ ምን ሆናችሁ?"

"ምን እንሆናለን? ደክሞሃል፣ ግባና ጋደም በል" አለች እታለም። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ለእንግዳ የምታወጣው ድምፅ።

ዘወር ስል በጓሮው በር ሁለቱ ሳፋዎች ደረቃቸውን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያኔ ገባኝ። ማጅራቴ እርጥብ እጅ ጠበቀ። የመጣ እጅ የለም።

ገብቼ ጋደም አልሁ እንጂ አልተኛሁም። ግድግዳችን የጭቃ ነው፤ ከፍራው ክራውዘ ግድግዳ አይብስም፣ ያሰማል።

"አጥቤ አነጻዋለሁ" ትላለች እታለም። "በአመድ፣ በሎሚ፣ በፈላ ውሃ።"

"ሳህኑማ ይነጻ ይሆናል፤ እኔ ነኝ የማልነጻው" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "ሰው እስከ ዛሬ እዚህ ቤት የሚበላው ሳህኑን አይቶ መሰለሽ? 'ደብሬ፣ ያንቺው ነው?' ይለኛል፤ 'የኔው ነው፣ ሌላ አልነካውም' እለዋለሁ፤ ይበላል። ነገ ምን ልበል? ልዋሽ? ያንቺስ ወገን ሲጠይቅሽ ምን ልትይ ነው?"

"ከዕድር ሳህን እናስመጣ።"

"አስመጥተን? 'የደብሬ ሳህን ከዘሀራ ቤት ተነሣ' ይባል? በዚህ ዘመን? በልጅቷ ሰርግ? ሰው እኮ ዛሬ ፍቅር በዝቶበት አይደለም፣ የሚጣላበት ወሬ አጥቶ ነው ያልተጣላው።"

እታለም ስታለቅስ ሰማሁ። ስሄድ ያላለቀሰችው።

"ልጁን አትንገሪው" አለች ቀጥላ። "በስንት ድካም አምጥቶት።"

"ምን ብዬ እነግረዋለሁ? እንግዳ ይቆጡታል?"

እንግዳ። በመጣጥፍ ስንት ጠላት አፍርቻለሁ፤ ስንት ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያነሰሁበት ስድብ አላስታውስም። ያውም የተነገረችው በርኅራኄ ነው።

ጥቂት ቆይቶ እትዬ ደብሪቱ ሳቁ። ሳቃቸው የሚጀምረው ከሆድ ነው።

"ዘሁዬ፣ የመርሳ ሙዝ ቅጠል አልቋል እንዴ?"

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከመስኖው ዳር የሙዝ ቅጠል በአህያ ተጭኖ ገባ። ታጠበ፣ ተቆረጠ፣ በእሳት ወላፈን ለሰለሰ። በአንድ በኩል እታለም፣ በሌላ በኩል እትዬ ደብሪቱ፣ እያንዳንዳቸው የየወገናቸውን ቅጠል በየእጃቸው አሰናዱ። ለሙስሊሙም በቅጠል፣ ለክርስቲያኑም በቅጠል ቀረበ። ሳህን የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ለሁሉም እኩል ጠፍቶ ነበርና። የሰው ዓይን የሚቆመው የአንዱ ሲጎድል ነው።

እኔ ግን ከዚህም አላመለጥሁም። የሰፈሩ ሽማግሌ አያ መሐመድ ቅጠላቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው ገልብጠው አዩትና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ይኸ የይማም ነገር ነው! ጀርመኖች እንዲህ ነው አሉ የሚበሉት። ማጠብ የለ፣ መስበር የለ፣ ስትጨርስ ለላሟ ነው! እኔ እስከ ዛሬ የዚህን ልጅ ትምህርት ጥቅሙን አላየሁትም ነበር።"

ዳሱ በሳቅና በምርቃት ተናወጠ። ሙሽራይቱ ሀያት ሳትቀር በዓይኗ አመሰገነችኝ። ልነሣ ነበር፤ በአላህ ልነሣና፣ "ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እኔስ ያበላሸሁት ነኝ" ልል ነበር። እትዬ ደብሪቱ ከኋላዬ ትከሻዬን ተጭነው አስቀመጡኝ።

"ብላ ይማም" አሉኝ በጆሮዬ። "ዛሬ አፍህ የተከፈተው ለእንጀራ ነው።"

በላሁ። ምርቃቱንም ተቀበልሁ፤ አሚን አልሁ። ሲመሽ ወደ ጓዳ ገብቼ አየሁ። ማሽኑ ጥግ ላይ በሩን ዘግቶ ቆሟል። እታለም ከሰርጉ ግርግር ተሰርቃ ሰማያዊዎቹን ሳህኖች በአመድና በሎሚ በፈላ ውሃ እየፈተገች ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ቀልቷል። አረንጓዴዎቹን እትዬ ደብሪቱ በነጠላ ቋጥረው ወስደዋቸዋል፤ ነገሩ ሲረሳ አዲስ ይዘው ሊመጡ።

"ላግዝሽ" አልሁ።

"ኧረ በምን ዕዳዬ! አንተ ተቀመጥ" ብላ በርጩማ በእግሯ ወደ እኔ ገፋች፤ ለእንግዳ በርጩማ እንደሚገፋው።

አሁን ካሰል ነኝ። የአዳራሹን ወሬ አቁሜያለሁ። ጋባዦቼ ለምን ብለው ጠየቁኝ፤ ጉሮሮዬን አመመኝ አልኋቸው። ያነሣሁትን ፎቶ አላጠፋሁትም፤ አልከፍተውምም። ፍራው ክራውዘ አሁንም ሳህን በእጄ ሳጥብ ይሰሙኛል፤ ግድግዳውን ይመቱታል።

ባለፈው ጁምዓ ደወልሁ። ከስልኩ ወዲያ ውሃ ይንቦጫረቃል፤ ሳህን ከሳህን ይጋጫል፤ የእትዬ ደብሪቱ ሳቅ ይሰማል።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ እታለም።"

"ወዐለይኩም ሰላም! ቆይ እጄ ሳሙና ነው፤ ደብሬ፣ ጆሮዬ ላይ አርጊልኝ።"

"እጅሽስ?"

"ደህና ነው።"

"እታለም፣ የዚያን ለት ሳህኑን ሳደባልቅ ለምን አልተቆጣሽኝም? ስሄድ እኮ መተሽኝ ነበር።"

"ምን ብዬ ልቆጣህ፣ ልጄ?" አለች። "አንተ ከየት ታውቀዋለህ?"

ውሃው ይንቦጫረቃል።

"ስትመጣ እንዳትቸገር አስቤበታለሁ" አለች ቀጥላ፣ ደስ ብሏት። "ማሽኑን ዳንቴል አልብሼ እሱ ላይ ያንተን ሳህን አስቀምጬልሃለሁ። ጠርዙ ወርቃማ ነው፤ ከወልድያ ነው ያስመጣሁት። ከሰማያዊውም ከአረንጓዴውም አይደባለቅም። አንተ እስክትመጣ ማንም አይበላበትም።"

"አላህ ይስጥልኝ፣ እታለም" አልሁ።